26 ቪኤም፣ 15 ደቂቃ ባትሪ፦ የማስተዳደሪያ መሣሪያው በየትኛው የፕሮግራም ቋንቋ ይጻፍ?

1ኛ ቀን፦ ሥራውን መለካት

ያሉት ሦስት ሰርቨሮች ናቸው፤ ሦስቱም ቪኤሞችን (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒዩተሮችን) የሚያሄዱት በኬቪኤም፣ በሊኑክስ ውስጥ ባለው የቪኤም ማሄጃ ነው። የመጀመሪያው ላይ ኡቡንቱ 20.04፣ ሁለተኛው ላይ ኡቡንቱ 22.04፣ ሦስተኛው ላይ ዴቢያን 12 ተጭኗል። በጠቅላላው 26 ቪኤም ተሸክመዋል፤ 9፣ 9 እና 8 ሆነው። ሁሉም በአንድ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) ላይ ናቸው፤ አሁን ባለው ጭነት ባትሪው 15 ደቂቃ ይይዛል። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ካልተነሣ በዚህ ጊዜ ውስጥ 26ቱም በሥርዓት መጥፋት አለባቸው፦ መጀመሪያ 15ቱ አፕሊኬሽኖች፣ ቀጥሎ 8ቱ ዳታቤዞች፣ በመጨረሻ ዲኤንኤሱን (ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረውን) ጨምሮ 3ቱ መሠረታዊ አገልግሎቶች። መብራት ሲመጣ በተገላቢጦሽ ይነሣሉ። በአዘቦት ቀን መሣሪያው ዝርዝር ያሳያል፣ ሜሞሪ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ቪኤም ያስነሣል ያጠፋል።

ሒሳቡ ገና ከጅምሩ መንገዱን ያሳያል። አንድ ቪኤም በደህና ለመጥፋት 40 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 26ቱን ተራ በተራ ማጥፋት 1,040 ሰከንድ ነው፤ 17 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለት ነው። ባትሪው ከዚያ በፊት ያልቃል። ስለዚህ የሚመረጠው ቋንቋ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መጠበቅ መቻል አለበት። መጠበቅ የሚለው ቃል ይሰመርበት። ይህ መሣሪያ የሚያሰላው ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ትእዛዝ ይሰጣል፣ መልስ ይጠብቃል፣ መልስ ካልመጣ ምን እንደሚያደርግ ይወስናል። አንዱ ቋንቋ ከሌላው ስንት እጥፍ ይፈጥናል የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ የለውም።

በመስኩ ያሉት ነባር ሥራዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ኪውኢሙ (ቪኤሙን የሚያሄደው ፕሮግራም) እና ሊብቨርት (ቪኤሞችን ለማዘዝ የሚያገለግለው ላይብረሪና አገልግሎት) በሲ የተጻፉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ፋየርክራከር በረስት ነው፤ ክላውድ ሃይፐርቫይዘርም እንደዚያው። እነዚህ ቪኤሙን በራሳቸው የሚሸከሙ ወይም ከሥሩ የሚቆሙ ናቸው። ከላይ ሆነው የሚያዙት ግን ሌላ መንገድ ይዘዋል፤ ኦፕንስታክና ቨርት ማናጀር ፓይተን፣ ኩብቨርትና ኢንከስ ጎ፣ ፕሮክስሞክስ ፐርል፣ ቫግራንት ሩቢ። የእኛ ሥራ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ለፈተና የቀረቡት ባሽ፣ ፓይተን፣ ጎ እና ረስት ናቸው። ፐርል በአቅሙ አያንስም፤ ግን የማታ ተረኞቹ ሁለቱም አያነቡትም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ኮዱን ከፍቶ የሚያየው ተረኛው ስለሆነ ይህ ትልቅ ሚዛን ነው።

አንድ ነገር ከወዲሁ። ሰርቨሩ አንድ ብቻ ለሆነ ሰው ምንም ኮድ መጻፍ አያስፈልገውም። ከሊብቨርት ጋር የሚመጣው ሊብቨርት ጌስትስ የሚባለው አገልግሎት ሰርቨሩ ሲዘጋ ቪኤሞቹን በደህና ያጠፋል፤ በአንድ ጊዜ ስንቱን እንደሚያጠፋና ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ የሚወሰነውም በአንድ የሴቲንግ ፋይል ነው። ሆኖም አንዱ ሰርቨር ሌላው ላይ ምን እየሆነ እንዳለ አያውቅም። የሦስት ሰርቨር ቅደም ተከተል ከአቅሙ በላይ ነው።

2ኛ ቀን፦ ባሽ

ባሽ ሁሉም ሰርቨር ላይ አለ፤ የሊብቨርት ትእዛዝ መስጫ የሆነው ቪርሽም አለ። ከዚህ የቀለለ መነሻ የለም፤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ የመጀመሪያው ስክሪፕት መሥራት ጀመረ። ችግሮቹ የተገለጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የቪርሽ ሊስት የሚያወጣው ሠንጠረዥ የተሠራው ሰው እንዲያየው ነው። ሁለተኛውን ዓምድ ቆርጦ ስም ማውጣት የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን የኮምፒዩተሩ ቋንቋ ሲቀየር "ራኒንግ" የሚለው ቃል ራሱ ይተረጎማል፤ "ሻት ኦፍ" ደግሞ ሁለት ቃል ስለሆነ ዓምዱን ያዛባል። መፍትሔው ስም ብቻ የሚያወጣውን የሊስት አማራጭ መጠቀም፣ ሁኔታውን ለብቻው መጠየቅና በስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ የኮምፒዩተሩን የቋንቋ ሴቲንግ ሲ ወደሚባለው፣ ምንም ወደማይተረጉመው፣ ማስገደድ ነው።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ቪርሽ ሻትዳውን ብሎ ያዘዘ ሰው ወዲያው የ0 መውጫ ኮድ ያገኛል። ይህ 0 "ጠፍቷል" ማለት አይደለም፤ "መልእክቱ ተልኳል" ማለት ብቻ ነው። የሚላከው የኃይል ቁልፍ እንደ ተጫነ የሚነግር የኤሲፒአይ ምልክት ነው፤ ቪኤሙ ገና እየተነሣ ከሆነ ወይም ምልክቱን የሚሰማ ፕሮግራም ውስጡ ከሌለ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ስለዚህ በየ2 ሰከንዱ ሁኔታውን መጠየቅ፣ በየ20 ሰከንዱ ምልክቱን ደግሞ መላክ፣ ገደቡ ሲያልፍ በኃይል መዝጋት ያስፈልጋል። ይህ ሕግ በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

ሦስተኛውን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የ9 ቪኤሞች ስም ያለበት ፋይል አለ፤ በዋይል ሪድ መስመር በመስመር ይነበባል፣ ለእያንዳንዱ ስም በኤስኤስኤች (ከሩቅ ትእዛዝ መስጫው) ወደ ሰርቨሩ ትእዛዝ ይላካል። ስክሪፕቱ የመጀመሪያውን ቪኤም አጥፍቶ ያለ ምንም ኢረር ያበቃል። 8ቱ እንደ በሩ ናቸው። ምክንያቱ ኤስኤስኤች ከሉፑ ጋር አንድ መግቢያ ስለሚጋራ የቀሩትን 8 መስመሮች ራሱ ጠጥቶ ወደ ሰርቨሩ መላኩ ነው። ኤስኤስኤች ላይ የኤን አማራጭ ሲጨመር መግቢያውን አይነካም፤ 9ኙም ይሠራሉ። ኢረር የማያሳይ ስሕተት ለዚህ ዓይነት ሥራ አደገኛው ነው።

ባሽን ከዋናው ሥራ ያስወጣው ግን አራተኛው ነው። 9ኙን በአንድ ጊዜ ለማጥፋት እያንዳንዱን ትእዛዝ ከበስተጀርባ አስጀምሮ ዌይት (ጠብቅ) ማለት ይቻላል። ዌይት ያለ ቁጥር ሲጠራ ግን ምንጊዜም 0 ይመልሳል፤ ከ9ኙ አንዱ ቢከሽፍ አይታወቅም። የእያንዳንዱን የፕሮሰስ ቁጥር አስቀምጦ አንድ በአንድ መጠበቅ፣ ውጤቱን ከስሙ ጋር ማዛመድ፣ የጊዜ ገደብ ማስላት ሲጨመርበት 60 መስመር የነበረው ስክሪፕት 200 አለፈ፤ እየተቋረጠ ለሚያነበው ተረኛ የማይጨበጥ ሆነ። ባሽ አይጣልም፤ አነስተኛ ድርሻ ይጠብቀዋል።

3ኛ ቀን፦ ፓይተን፣ በየሰርቨሩ ላይ

በዚህ ደረጃ ሐሳቡ መሣሪያውን በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበር። ሙሉው ቀን ያለቀው በመጫን ነው።

ዴቢያን 12 ላይ በፒፕ (በፓይተን ጥቅል መጫኛው) ለመጫን ሲሞከር ሲስተሙ እምቢ ይላል፤ የፓይተኑ አካባቢ የሚተዳደረው በአፕት (በሲስተሙ ጥቅል መጫኛ) ስለሆነ በላዩ ላይ እንዳይጫን ተቆልፏል። ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለብቻው የተለየ የፓይተን አካባቢ) ሲፈጠር ፒፕ ይሠራል፤ አሁን ደግሞ የሊብቨርት ፓይተን ጥቅል ተዘጋጅቶ የመጣ ባለመሆኑ እዚያው ኮምፓይል መደረግ (ከምንጭ ኮዱ መገንባት) ይፈልጋል። ጂሲሲ፣ የፓይተን ሄደር ፋይሎች፣ ፒኬጂ ኮንፊግ እና የሊብቨርት ዴቭ ጥቅል ሁሉም መኖር አለባቸው። ቪኤም የተሸከመ ሰርቨር ላይ ኮምፓይለር መጫን ጥሩ ልማድ አይደለም።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፦ ፓይተንን ከሊብቨርት ጋር የሚያገናኘውን ማያያዣ ራሱ ዲስትሪቢውሽኑ ከሚያቀርበው፣ ፓይተን 3 ሊብቨርት ከሚባለው የአፕት ጥቅል ይውሰዱ፤ ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት ካስፈለገ የሲስተሙን ጥቅሎች እንዲያይ አድርገው ይፍጠሩት። ያኔ ማያያዣውና ሰርቨሩ ላይ ያለው ሊብቨርት አብረው ይታደሳሉ።

ቀጥሎ የመጣው የፓይተን ዕድሜ ነው። ኡቡንቱ 20.04 ያለው 3.8፣ ኡቡንቱ 22.04 ያለው 3.10፣ ዴቢያን 12 ያለው 3.11 ነው። የሴቲንግ ፋይሉ በቶምል ተጽፎ ነበር፤ ቶምል ማንበቢያው ከፓይተን ጋር መምጣት የጀመረው ከ3.11 ወዲህ ስለሆነ ሁለቱ ሰርቨሮች ላይ አልሠራም። ወደ ጄሰን ተቀየረ። 3.8 ላይ ደግሞ የሊስት ዓይነትን በካሬ ቅንፍ የሚያመለክተው አጻጻፍ ፕሮግራሙን ገና ሲነሣ ይጥለዋል፤ ያ አጻጻፍ የተፈቀደው ከ3.9 ጀምሮ ነው። ማች የሚለውም ከ3.10 ወዲህ ነው። በሦስት ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፓይተን መጻፍ ማለት በትንሹ ዕድሜ መጻፍ ማለት ነው፤ ቢያንስ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2025 ያበቃው 20.04 እስኪወገድ ድረስ።

4ኛ ቀን፦ ጎ

ጎ ይህን የመጫን ጣጣ ያስቀራል የሚል ተስፋ ነበር፤ አንድ ባይነሪ (ኮምፓይል ተደርጎ ያለቀ ፋይል) ገልብጦ ማሄድ። ተስፋው እውነት የሚሆነው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው።

የሊብቨርት ፕሮጀክት ራሱ የሚያቀርበው የጎ ማያያዣ በሲጎ (የጎ ኮድ የሲን ኮድ እንዲጠራ በሚያደርገው መንገድ) በኩል የሲውን ላይብረሪ ይጠራል። ሲጎ ሲገባ ባይነሪው ብቻውን የሚቆም መሆኑ ያከትማል። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ኮምፓይል የተደረገው ባይነሪ 20.04 ላይ ሲነሣ ግሊብሲ (የሲስተሙ መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) 2.34 አልተገኘም ብሎ ይወድቃል፤ 20.04 ያለው 2.31፣ 22.04 ያለው 2.35 ስለሆነ ነው። ነገሩ ከተገላበጠ ግን ይሠራል፦ በአሮጌው ሲስተም ላይ ኮምፓይል የተደረገው በአዲሶቹም ላይ ይሄዳል። የሊብቨርት ላይብረሪም እንዲሁ ነው፤ 20.04 ላይ 6.0.0፣ 22.04 ላይ 8.0.0፣ ዴቢያን 12 ላይ 9.0.0 አለ፤ ፕሮጀክቱ የቆየውን አይሰብርም፣ አዲሱን ግን አሮጌው ላይ መጠበቅ አይቻልም። ስለዚህ ሲጎን የያዘ ሰው የሚኮምፓይልበት ቦታ ከሁሉ አሮጌው ሰርቨር ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ኮንቴይነር ይሁን።

ሁለተኛ መንገድ አለ። ዲጂታል ኦሽን ያወጣው የጎ ላይብረሪ ሲን ጨርሶ አይነካም፤ ከሊብቨርት ዴሞን (ሰርቨሩ ላይ ዘወትር ከሚሠራው አገልግሎት) ጋር በራሱ ፕሮቶኮል በሶኬት ይነጋገራል። ሲጎ ተዘግቶ ኮምፓይል ሲደረግ በእርግጥም አንድ ፋይል ብቻ ይወጣል፤ ሦስቱም ሰርቨር ላይ ያለ ምንም ጥቅል ተነሣ። ዋጋው አጻጻፉ ከፕሮቶኮሉ ጋር የተቀራረበ መሆኑ ነው፤ ምቾት የሚሰጡ ተጨማሪ ነገሮች ጥቂት ናቸው።

ከኮዱ ጎን ጎ ያስደስታል። ለእያንዳንዱ ቪኤም አንድ ጎሩቲን (ጎን ለጎን የሚሄድ ትንሽ ሥራ)፣ ውጤት መሰብሰቢያ አንድ ቻናል፤ ባሽ ላይ 200 መስመር የፈጀው እዚህ ግልጽ ሆኖ ተቀመጠ። የቪኤሙን ኤክስኤምኤል በስትራክት የሚገልጸው ሞጁል ሜሞሪን ቁጥርና መለኪያ ለየብቻ አድርጎ ስለሚይዝ ብዙ ስሕተት ኮምፓይል ሲደረግ ይያዛል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ብቻ። በሲጎ ማያያዣው የተገኘ እያንዳንዱ የቪኤም ኦብጀክት በፍሪ መለቀቅ አለበት፤ ለቀናት በሚቆይ ፕሮግራም ውስጥ ከተረሳ ሜሞሪው እያበጠ ይሄዳል። ደግሞም ኮንቴክስት (የጎ የጊዜ ገደብ ማስያዣ) ጊዜው ሲያልፍ በሲ ውስጥ የተዘጋውን ጥሪ አያቋርጠውም፤ መልሱን ይጠብቅ የነበረው ጎሩቲን ሄደ እንጂ ጥሪው አንድ የኦፕሬቲንግ ሲስተም ትሬድ (የሥራ መስመር) ይዞ ከኋላ እንደ ተቀመጠ ነው።

በቀኑ መጨረሻ ላይ ጎ እየመራ ነበር።

5ኛ ቀን፦ የመጀመሪያው ልምምድ

እሑድ፣ ሥራ በሌለበት ሰዓት፣ የጎው ባይነሪ በሦስቱም ሰርቨሮች ላይ ሆኖ የዩፒኤሱ ገመድ ከግድግዳው ተነቀለ። ሦስት ነገሮች ተገለጡ፤ አንዳቸውም ከቋንቋ ጋር የሚገናኙ አይመስሉም፣ መጨረሻ ላይ ግን ቋንቋውን የወሰኑት እነሱ ናቸው።

የኔትወርክ ስዊቹ ዩፒኤሱ ላይ አልተሰካም ነበር። መብራት እንደጠፋ ሰርቨሮቹ በሕይወት አሉ፣ እርስ በርስ ግን አይተያዩም። ስዊቹ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ፤ ከሁሉ በፊት።

ስዊቹ ተስተካክሎ ሲደገም ዲኤንኤሱ ቪኤም ከጠፋበት ቅጽበት ጀምሮ ሰርቨሮቹን በስም መጥራት አልተቻለም። የሦስቱ ሰርቨሮች አድራሻ ሆስትስ ፋይል ውስጥ በአይፒ ቁጥር ተጻፈ።

ሦስተኛው ሥር የሰደደ ነው። እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ቅደም ተከተል ጠብቋል፦ መጀመሪያ የራሱን አፕሊኬሽኖች፣ ከዚያ የራሱን ዳታቤዞች። ነገር ግን 1ኛው ሰርቨር ላይ ያለው አንድ አፕሊኬሽን የሚጽፈው 3ኛው ሰርቨር ላይ ወዳለው ዳታቤዝ ነው። 3ኛው ሰርቨር የራሱን አፕሊኬሽኖች ቶሎ ጨርሶ ዳታቤዙን ሲዘጋ ያኛው ገና እየጻፈ ነበር። ሦስት ባይነሪዎች እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ ማድረግ ይቻላል፤ ያ ግን ከዋናው ሥራ የሚከብድ ሌላ ሥራ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ አንድ አዛዥ ነው።

6ኛ ቀን፦ አዛዡን ማውጣት፣ ቋንቋውን እንደገና መመዘን

አዛዡ ከ26ቱ ቪኤሞች አንዱ መሆን አይችልም፤ ሥራውን ሳይጨርስ ራሱን ያጠፋል። ዴቢያን 12 የተጫነበት አንድ ትንሽ ፒሲ ዩፒኤሱ ላይ ተሰካ፤ የዩፒኤሱ ዩኤስቢ ገመድም ወደ እሱ ገባ። ከሰርቨሮቹ ጋር የሚገናኘው በኤስኤስኤች በኩል በሚያልፍ የሊብቨርት ኮኔክሽን ነው። ሰርቨሮቹ ላይ የሚጫን የእኛ ኮድ የለም። የሚያስፈልገው ሊብቨርት ግሩፕ ውስጥ ያለ አንድ ተጠቃሚ፣ ያለ ፓስወርድ የሚያስገባ የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ እና 20.04 ላይ የኦፕንቢኤስዲው ኔትካት (ዳታ የሚያስተላልፍ ትንሽ ፕሮግራም) ነው። ኔትካቱ የተፈለገው ሊብቨርት የራሱን የኤስኤስኤች አጋዥ ይዞ መምጣት የጀመረው ከ6.8.0 ወዲህ ስለሆነ ነው።

ይህ ውሳኔ የ4ኛውን ቀን ሚዛን ገለበጠው። የጎ ትልቁ ብልጫ ሦስት ዓይነት ሲስተም ላይ በቀላሉ መጫኑ ነበር፤ አሁን የሚጫንበት አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ነው። የፓይተን ትልቁ ድካም 3.8፣ 3.10 እና 3.11ን ማስታረቅ ነበር፤ አሁን ያለው 3.11 ብቻ ነው፣ ቶምሉም ይመለሳል። የአዛዡ ሊብቨርት 9.0.0፣ የአሮጌው ሰርቨር 6.0.0 መሆኑ አያጣላም፤ ፕሮቶኮሉ ይግባባል፣ አሮጌው የማያውቀው ጥሪ ሲመጣ የማይደገፍ መሆኑን በኢረር ቁጥር 3 ይናገራል። ሁለቱ ተረኞችም ፓይተን ያነባሉ፤ ፋይሉን ከፍተው አንድ የጊዜ ገደብ ቢቀይሩ ኮምፓይል የሚደረግ ነገር የለም።

ረስትን በአጭሩ። የሊብቨርት ማያያዣው እንደ ጎው ሁሉ የሲውን ላይብረሪ ይጠራል፤ ስለዚህ የግሊብሲውና የሄደር ፋይሎቹ ጉዳይ አብሮት ይመጣል። የረስት ትልቁ ስጦታ ሜሞሪን ያለ ስሕተት መያዙ ነው፤ እዚህ ግን አደጋው ያለው መልስ በማይሰጥ ቪኤም ላይ ነው። የቪኤም መሸከሚያ ወይም ከማይታመን ቪኤም የሚመጣ ዳታ የሚተነትን ኮድ ለሚጽፍ ሰው ምርጫው ረስት ነው። ለዚህ ሥራ አይደለም።

ፓይተን ተመረጠ።

7ኛ እና 8ኛ ቀን፦ ፓይተኑ ውስጥ ያሉት ጉድጓዶች

የፓይተን ትሬዶች በአንድ መቆለፊያ ሥር ስለሆኑ በአንድ ጊዜ አይሠሩም የሚለው ሥጋት እዚህ ቦታ የለውም። የሊብቨርት ማያያዣው ወደ ሲው ሲገባ መቆለፊያውን ይለቃል፤ አንዱ ትሬድ መልስ ሲጠብቅ ሌሎቹ ይሄዳሉ። አንድ የትሬድ ፑል በቂ ነው።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር፤ ለማግኘትም ግማሽ ቀን ወሰደ። 9 ትሬዶች በአንድ ኮኔክሽን ወደ አንድ ሰርቨር ሲጠይቁ አንዳንዴ ሁሉም ነገር፣ ተራው ዝርዝር እንኳ ሳይቀር፣ ይቆማል። መልሱ ሰርቨሩ ላይ ባለው የሊብቨርት ዴሞን ሴቲንግ ውስጥ ነው፦ አንድ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ጥያቄ 5 ነው። 5 ቪኤሞች ውስጥ ያለው የኪውኢሙ ጌስት ኤጀንት (በቪኤሙ ውስጥ ሆኖ ትእዛዝ የሚቀበል ፕሮግራም) ጥያቄውን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጥ ከዘገየ አምስቱም ቦታ ይያዛል፤ 6ኛው ጥያቄ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ወረፋ ይጠብቃል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ግን በሽታውን ማዘግየት ነው። የተደረገው ሁለት ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት ኮኔክሽን ተከፈተ፤ አንዱ ለትእዛዝ፣ አንዱ ሁኔታ ለማየት ብቻ። ለእያንዳንዱ ቪኤም ደግሞ የኤጀንቱ መልስ መጠበቂያ 10 ሰከንድ ተደረገ፤ ይህን የሚወስነው ጥሪ ከ5.10.0 ወዲህ ስላለ አሮጌው ሰርቨርም ያውቀዋል። ኤጀንቱ አልመለሰም የሚለው ኢረር 86 ሲመጣ ፕሮግራሙ ወደ ኤሲፒአይ ምልክት ይዞራል።

ሁለተኛው ጉድጓድ የኢቨንት ሉፕ (እየዞረ የሚመጡ መልእክቶችን የሚቀበለው ክፍል) ነው። ቪኤም ሲጠፋ ሊብቨርት ራሱ እንዲናገር ማድረግ ያምራል፤ ለዚህ ኮኔክሽን ከመከፈቱ በፊት የኢቨንት አሠራሩ መመዝገብ፣ ከዚያም ሉፑ በራሱ ትሬድ ላይ ሳያቋርጥ መዞር አለበት። ተመዝግቦ ሉፑ ካልዞረ ግን ነገሩ ይከፋል። ኮኔክሽኑ ይከፈታል፣ የመጀመሪያዎቹ ጥሪዎች ይሠራሉ፣ ከዚያ ዝም ብሎ በተቀመጠ በ30 ሰከንድ ገደማ ይዘጋል። ሰርቨሩ በየ5 ሰከንዱ "አለህ?" ብሎ ይልካል፤ 5 ጊዜ መልስ ካጣ በ6ኛው ዙር ደንበኛው ሞቷል ብሎ ይቆርጠዋል። መልሱን መስጠት የነበረበት ያ የማይዞረው ሉፕ ነው።

ኢቨንቶቹ ተትተው በየ2 ሰከንዱ መጠየቅ ተመረጠ። ለአንድ ሰርቨር አንድ ጥሪ ብቻ ይበቃል፦ አሁን በሥራ ላይ ያሉትን ሁሉ ስጠኝ። ከዝርዝሩ የጎደለው ጠፍቷል። ለሦስት ሰርቨር በ2 ሰከንድ 3 ጥሪ ነው፤ ምንም ጫና የለውም፣ ለማንበብም ቀላል ነው። ሰርቨሩ ራሱ ድንገት ከወደቀ ጥሪው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ኤስኤስኤች ሴቲንግ ውስጥ የሕይወት ጥያቄው በየ5 ሰከንዱ፣ እስከ 3 ጊዜ ተደረገ፤ 15 ሰከንድ ላይ ይቆርጣል።

የሜሞሪው ነገር አጭር ነው፤ ካልታወቀ ግን ያቃጥላል። ሊብቨርት ሜሞሪ የሚቀበለው በኪቢባይት ነው። 4 ጊቢባይት ማለት 4,194,304 ነው። 4096 ብሎ የጻፈ ሰው 4 ሜቢባይት ማለቱ ነው፤ በሥራ ላይ ባለ ቪኤም ላይ ከተፈጸመ ባሉኑ (ከቪኤሙ ሜሞሪ መልሶ የሚወስደው ድራይቨር) ሜሞሪውን እየሳበ ቪኤሙን ያንቀዋል። በመሣሪያው ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያደርገው አንድ ፈንክሽን ብቻ ነው፤ ከ256 ሜቢባይት በታች የሆነ ጥያቄ ሁሉ ይመለሳል።

ስያሜም ተቀይሯል። ሊብቨርት ዲስትሮይ የሚለው ቪኤሙን አይሰርዝም፤ ገመዱን ከግድግዳ እንደ መንቀል ነው። ሰርዝ የሚለው አንዲፋይን ነው፤ እሱም በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የማስነሻ አሠራር) ለሚነሣ ቪኤም የኤንቪራም ፋይሉን (የማስነሻ ሴቲንጉን የያዘውን) ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው እምቢ ይላል። በተረኞቹ ትእዛዝ ውስጥ የመጀመሪያው "ገመድ ንቀል"፣ ሁለተኛው "መዝገቡን ሰርዝ" ተባለ፤ ሁለተኛው የቪኤሙን ስም በሙሉ ተረኛው ራሱ እንዲጽፍ ይጠይቃል።

በመጨረሻም ሊብቨርት ኢረር ሲያጋጥመው ፓይተኑ ቢይዘውም እንኳ መልእክቱን በራሱ ስክሪን ላይ ያትማል። የራስ የኢረር መቀበያ ካልተመዘገበ ሎጉ በድግግሞሽ ይሞላል። የኢረሩን ጽሑፍ ማንበብም አይገባም፤ ቁጥሩን ነው። 42 ቪኤሙ የለም፣ 55 ትእዛዙ አሁን ላለበት ሁኔታ አይሆንም ማለት ነው። በማጥፋት ሥራ ላይ 55 ብዙ ጊዜ ቪኤሙ ቀድሞ መጥፋቱን ስለሚያመለክት ሁኔታው ታይቶ እንደ ስኬት ይቆጠራል።

9ኛ ቀን፦ የሰዓቱ ድልድልና ሁለተኛው ልምምድ

ዩፒኤሱን የሚከታተለው ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ ነው። መብራት ሲጠፋ የ180 ሰከንድ ሰዓት ይጀምራል፤ መብራት ከተመለሰ ወይም ጄኔሬተሩ ከተነሣ ሰዓቱ ይሰረዛል። ባትሪው ዝቅ ብሏል የሚለው ምልክት ከመጣ ግን ሰዓቱ አይጠበቅም፤ ወዲያው ይጀመራል። የምድቦቹ ገደብ አፕሊኬሽን 120 ሰከንድ፣ ዳታቤዝ 240፣ መሠረታዊ አገልግሎት 60 ነው፤ ቢበዛ 7 ደቂቃ። ሰርቨሮቹ ራሳቸው እስኪዘጉ 2 ደቂቃ ተይዟል። 3 እና 7 እና 2 ሲደመር 12 ደቂቃ፤ ከባትሪው 3 ደቂቃ ይተርፋል።

ባሽ ድርሻውን ያገኘው እዚህ ነው። ዩፒኤስ ቱልስ የሚጠራው 20 መስመር ያለው የባሽ ስክሪፕት ፓይተኑን ያስነሣል፤ ፓይተኑ በራሱ ችግር ቢወድቅ ወደ ሦስቱም ሰርቨሮች በቀጥታ የመዝጊያ ትእዛዝ ይልካል። ያኔ በየሰርቨሩ ያለው ሊብቨርት ጌስትስ ቪኤሞቹን በራሱ ያጠፋል። ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል እንጂ ገመድ እንደ መንቀል አይሆንም።

ተከታዩ እሑድ ሲደርስ ገመዱ እንደገና ተነቀለ። ከአፕሊኬሽኖቹ 14ቱ በ50 ሰከንድ ውስጥ ጠፉ። አንድ ዊንዶውስ ግን ምልክቱን ሳይሰማ እስከ 120 ሰከንድ ቆሞ በኃይል ተዘጋ። ዳታቤዞቹ፣ የመጨረሻው 96 ሰከንድ ላይ። መሠረታዊዎቹ 22 ሰከንድ። ሰርቨሮቹ ራሳቸው 100 ሰከንድ። ከመጠበቂያው 180 ሰከንድ ጋር 518 ሰከንድ፤ 8 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ። ዊንዶውሱ ላይ ጌስት ኤጀንቱ አልተጫነም ነበር፤ ከተጫነ በኋላ ለብቻው ሲሞከር በወጉ ጠፋ።

መነሣቱም ሁለት ነገር አስተምሯል። 26ቱም ቪኤሞች ላይ ኦቶስታርት መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ሰርቨሩ እንደተነሣ ሁሉንም በአንድ ላይ ይቀሰቅሳል፣ ቅደም ተከተል የሚባል አይኖርም። ሌላው ከባዮስ (ከሰርቨሩ የመነሻ ሴቲንግ) ጋር የተያያዘ ነው። ሰርቨሮቹ መብራት ሲመለስ በራሳቸው እንዲነሡ ተደርገዋል። ሰርቨሮቹ ተዘግተው ዩፒኤሱ ገና ኃይል እየሰጠ ሳለ መብራት ቢመጣ ግን ለሰርቨሩ መብራት ጠፍቶም አያውቅም፤ እንደተዘጋ ይቀራል። ስለዚህ አዛዡ ፒሲ ሲዘጋ በመጨረሻ የሚሰጠው ትእዛዝ ዩፒኤሱ ውፅዓቱን ቆርጦ መብራት ሲኖር እንደገና እንዲሰጥ ነው።

የቀረው የሌሊቱ ባክአፕ ነው። በዚሁ ፓይተን ላይ ይጨመራል፤ ግን በሌላ ኮኔክሽን፣ በሌላ ፕሮሰስ። የማጥፊያው ሰዓት ሲጀምር ባክአፑ መጀመሪያ እንዲቋረጥ የሚያደርገው መስመር ተጽፏል፤ የሚፈተነው ዲስኩን እየገለበጠ ሳለ ገመዱን በመንቀል ነው፤ ቀጣዩ እሑድ ለዚያ ተይዟል። ባትሪውም በዚያው ቀን በሙሉ ጭነት እስኪያልቅ ይለካል። 15 ደቂቃ የተባለው የዛሬ ቁጥር ነው፤ ባትሪ ያረጃል። የሚገኘው ከ12 ደቂቃ በታች ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው የ180 ሰከንዱ መጠበቂያ ነው።